ክረምት የሚሉት ፍሬ

የገና ጾም ሲጋመስ ዱባ ይፈለጋል። ኤል ኤ፣ ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሱቅ ከከፈትን ጀምሮ ይህን ያወቅሁት ከደንበኞቼ አፍ ነው፤ ምስር የሰለቸውም ሽሮ የሰለቸውም «ዱባ የለም እንዴ?» እያለ ይገባል። ለስንት ዓመት ደርቆ የከረመው ሰማይ መጥቆር በጀመረበት በአንዱ ታህሳስ፣ ዳውንታውን ላለው የአትክልት አከፋፋይ ስልክ ደወልኩ። እንግሊዝኛው ዱባን በብዙ ስም እንደሚከፋፍለው አንዲት ደንበኛ አስተምራኝ ነበር። ለወጥ የሚሆነው ቆዳው ጠንካራው «ዊንተር ስኳሽ» ይባላል ብላኛለች። ሶ፣ አዋቂነት ቢጤ ተሰማኝና «ዊንተር ስኳሽ፣ ትልልቁን» አልኩት። ሰውየው ጫጫታ መሀል ነበር። «ዊንተር፣ ትልልቁን፣ ኦኬ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ጠዋት ስንደርስ ሾፌሩ ሣጥኑን ከኋላ በር አስቀምጦልን ሄዷል። ስከፍተው ዱባ የለበትም። ሁለት ረጃጅም አረንጓዴ ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው የተኛ በግ የሚያካክሉ፣ ጎን ለጎን ተጋድመዋል። ቆዳቸው ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ስነካው ነጩ ብናኝ ጣቴ ላይ ቀረ። የካርቶኑ ክዳን ላይ በወፍራም ጥቁር ማርከር አንዲት ፊደል ተጽፋለች።

冬

«እማማ፣ እስቲ ይምጡ ይዩልኝ» አልኩ።

እማማ የባለቤቴ እናት ናቸው። ከአዲስ አበባ ከመጡ ጥቂት ዓመት ሆኗቸዋል። ቤት ተዘግቶብኝ አልውልም ብለው በየቀኑ ከእኔ ጋር ሱቅ ይመጣሉ፤ ካሽ ሬጅስተሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ይሰየሙና ለገባው ሁሉ ምክር ይሰጣሉ። እንግሊዝኛ አይናገሩም። ይህ ግን ከማንም ጋር ከመጫወት አግዷቸው አያውቅም።

መጥተው ጎንበስ አሉና አንዱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት። ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡት።

«ይሄ ዱባ አይደለም» አሉ ቀና ብለው። «የዱባ አያት ነው።»

አከፋፋዩ ጋ መልሼ ስደውል የተላከልኝ ዊንተር ሜለን የሚባል ነገር መሆኑ ተነገረኝ። ስሕተቱ በጫጫታው የመጣ ነው፤ ማንም ማንንም አልተቆጣም። ሾፌሩ በሁለት ሳምንት ውስጥ ትክክለኛውን ዱባ ይዞ ይመጣል፣ እነዚህንም ይመልሳል ተባልኩ። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል እማማ አንደኛውን ለሁለት ሰንጥቀውታል።

«ይመለሳል እኮ ነው የሚሉት፣ እማማ!»

«ታዲያ አንዱን ይመልሷ» አሉ።

ከሱቁ ኋላ ሳምቡሳ የምንጠብስባት ትንሽ ኪችን አለችን። እማማ ነጩን ፍሬ ከትፈው፣ ሽንኩርቱን አቁላልተው፣ በርበሬውን ጨምረው ልክ እንደ ዱባ ወጥ ሠሩት። ዱባ ሲበስል ወጡ ይወፍራል፣ ጣፋጭ ይሆናል ብለን ስንጠብቅ ይሄኛው ውኃ መልቀቅ ጀመረ። ለቀቀ፣ ለቀቀ፣ ድስቱ ሊሞላ ደረሰ። ባለቤቴ ታክሲውን ከጀርባ ፓርክ አድርጎ ለምሳ ሲገባ አንድ ሳሕን ቀረበለት። ቀመሰ። ደግሞ ቀመሰ። እናቱን ላለማስቀየም ብዙ አሰበ።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ «በርበሬ የገባበት ዝናብ ነው።»

እማማ በምግባቸው ሲቀለድ አይወዱም። ያን ቀን ግን ራሳቸው ቀመሱና ሳቁ፤ ነጠላቸው ከትከሻቸው እስኪወርድ ሳቁ።

ከሰዓት በኋላ ላውንደሪው መጣ። ከእኛ ቀጥሎ የልብስ ንጽሕና ቤት ያለው ኮሪያዊ ጎረቤታችንን ሁላችንም የምንጠራው እንዲያ ነው። ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ የልብስ መለኪያ ሜትር ከአንገቱ የማይለየው ሰው ነው። በየቀኑ የምስር ሳምቡሳ ይገዛል። እማማ በአማርኛ ጤንነቱን ይጠይቁታል፣ እሱ በኮሪያኛ ይመልስላቸዋል፤ ሁለቱም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ያን ቀን ሳምቡሳውን ሊቀበል እጁን እንደዘረጋ ዓይኑ ካውንተሩ አጠገብ ባስቀመጥነው የካርቶን ክዳን ላይ ቀረ።

«ዶንግ» አለ።

«ማንበብ ትችላለህ?» አልኩት።

«የቻይና ፊደል ነው። እኛ የራሳችን ፊደል አለን፣ አሁን የምንጽፈው ሁሉ በሱ ነው። አባቴ ግን ልጅ ሆኜ እነዚህንም አስጠንቶኛል። እንዲህ እያልን ነበር የምናጠናው።» ሳምቡሳውን ካውንተር ላይ አስቀምጦ፣ እጆቹን ጎንና ጎኑ ላይ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመና በዜማ ጮኸ፤ «ግዮኡል፣ ዶንግ! ግዮኡል፣ ዶንግ!»

ግዮኡል በኮሪያኛ ዊንተር ማለት ነው። ዶንግ ደግሞ ፊደሏ ከሌላ ጋር ተጣምራ ቃል ስትሠራ የምትጠራበት ድምፅ። ልጆች መጀመሪያ ትርጉሙን፣ ቀጥሎ ድምፁን እየጠሩ ይሸመድዳሉ።

«ምን ሆኖ ነው የሚዘምረው?» አሉ እማማ።

«ፊደሉ ክረምት ማለት ነው እያለ ነው።»

«የቱ ፊደል?»

«ይሄ።»

«ይሄ አንዱ ብቻውን ክረምት ይላል?» ክዳኑን አንስተው ከፊታቸው አራቁት፣ አቀረቡት። «እኛ ታዲያ አራት ፊደል የምናባክነው ምን ሆነን ነው?»

ይህን ስተረጉምለት ላውንደሪው በሳቅ ፈረሰ። ፍሬው ምን እንደሆነ ግን ሊነግረን አልቻለም። ዶንግ የሚለውን አንብቧል፤ የተጋደመውን ነገር በሕይወቱ በልቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ደግሞ ጃፓናዊቷ መጡ። ፓልምስ የሚባል ሰፈር የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ፣ በሳምንት አንድ ቀን ለሕፃናት የብሩሽ ጽሕፈት የሚያስተምሩ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ሚራክል ማይል ያለውን ሙዚየም አይተው ሲመለሱ ድንገት ገብተው ሽሮ ቀመሱ፤ ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቀርተውብን አያውቁም። ክዳኑን ሲያዩ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ፉዩ» አሉ።

«ዶንግ ነው ተብያለሁ እኮ» አልኳቸው።

«ማን አለሽ?»

ሄጄ ላውንደሪውን ጠራሁት። ሜትሩን እንዳንጠለጠለ መጣ። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ በአንድ ሰፈር ሲመላለሱ ተነጋግረው አያውቁም ነበር። አሁን ካውንተሬ ላይ ቡናማ የወረቀት ከረጢት ዘርግተው፣ እሳቸው በእርሳስ እሱ ልብስ በሚያሰምርበት ጠመኔ፣ ያችኑ ፊደል ጎን ለጎን ይጽፉ ጀመር። አንዱ መስመር ቀድሞ፣ ቀጥሎ ሌላው፣ እጃቸው እኩል ይወርዳል እኩል ይነሣል። መጨረሻዋን ጭረት እኩል ጨርሰው ቀና ሲሉ ተያዩና ሳቁ።

«ብቻዋን ስትሆን ፉዩ ነው የምንላት» አሉ ሴትዮዋ። «ፉዩ የእኛ የጥንት ቃል ነው፤ ፊደሏ ባሕር ተሻግራ ሳትመጣ በፊት የነበረ። ከሌላ ፊደል ጋር ስትጣመር ግን ቶ እንላታለን። ያ አብሯት ከቻይና የመጣ ድምፅ ነው።»

«ቶ፣ ዶንግ» አለ ላውንደሪው እየደጋገመ። «ዘመዳሞች ናቸው።»

እኔ ቆሜ ስሰማ ራሴን አሰብኩ። የትግርኛ መጽሔት ሱቃችን ይመጣል። አንስቼ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ ላነበው እችላለሁ፣ ፊደሉ የእኔው ነውና፤ የተጻፈው ነገር ግን ግማሹ ያመልጠኛል። እነዚህ ሁለቱ ደግሞ ተቃራኒዎቼ ነበሩ። አንዱ በቋንቋው ሲናገር ሌላው አንድ ቃል አይሰማም፣ አንዱ ሲጽፍ ግን ሌላው ይገባዋል። እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ እንዳለ አላውቅም ነበርና የቆምኩበትን ረሳሁት፤ አንድ ደንበኛ «ኸረ እህት፣ ክፈል አትዪኝም?» እስኪለኝ ድረስ።

እማማ ማንንም ሳያማክሩ ክዳኑን በፕላስተር መስኮቱ ላይ ለጠፉት። ፊደሏን ወደዋታል። ካባ ለብሶ በዝናብ የሚሄድ ሰው ትመስላለች፣ ከሥሩ ሁለት ጠብታ የሚንጠባጠብ፣ ይላሉ። ያልተነካውን ፍሬም ከሥሯ አስቀመጡት።

መስኮቱ ሥራውን ሠራ። ሰኞ ዕለት፣ መታጠፊያው ላይ የጥፍር ማሳመሪያ ቤት ያላት ቬትናማዊት በሩጫ ገባች። ወጣት ናት፣ ፈጣን፣ ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

«ይሄን ከየት አገኛችሁት? ስንት ነው? እናቴ ሾርባውን ስትሠራ ነው ያደግሁት!»

«ታውቂዋለሽ?» አልኳት። ስሙን በቋንቋዋ ነገረችኝ፤ ዶንግ የሚል ነገር የለበትም። መስኮቱ ላይ ያለውን ፊደል ሳሳያት ትከሻዋን ነቀነቀች። ቬትናምኛ ዛሬ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፈው፤ እንዲህ ያለ ጽሕፈት ማንበብ የቻሉት ቅድመ አያቶቿ ነበሩ።

«ዊንተር ማለት ነው አሉን» አልኳት። «በእናንተ ዊንተር ምን ይባላል?»

«ዶንግ» አለች።

ላውንደሪው ለሳምቡሳው ቆሞ ነበር። ከእጁ ሊወድቅበት ምንም አልቀረውም። «ምን አልሽ?»

«ዶንግ።»

«እኔም ዶንግ ነው የምለው!»

«እንዴት አንተም?»

ፊደሏን የማታውቀው ልጅ ድምፁን ከነነፍሱ ይዛው ኖራለች። እማማ ከወንበራቸው «ዶንግ! ዶንግ!» እያሉ አጨበጨቡ፤ አሁን ይህን ቃል ከሁላችንም በላይ እሳቸው ናቸው የሚያዘወትሩት።

ከዚያ ልጅቷ የማይቀረውን ጥያቄ ጠየቀችኝ። «በእናንተስ?»

«ክረምት» አልኩ።

«ኧረግ!» አሉ እማማ። የጠየቀችውንና የመለስኩትን ገምተውታል። «በታህሳስ ምን ክረምት አለ? ታህሳስ በጋ ነው። ክረምት ሐምሌ ነው፣ ነሐሴ ነው። እንዳትዋሺያቸው።»

«እማማ፣ መዝገበ ቃላቱ ዊንተርን ክረምት ነው የሚለው።»

«መዝገበ ቃላቱን የጻፈው ሰው ውጭ ወጥቶ አይቷል?»

ጉዳዩ ቅዳሜ ድረስ አልበረደም። የገባው ሐበሻ ሁሉ ወገን ይዟል። አንዱ ብርድ ከሆነ ክረምት ነው ይላል፤ ሌላው የታህሳስ ብርድ የበጋ ብርድ ነው፣ ክረምት ያለ ዝናብ የለም ይላል። ባለቤቴ «ኤል ኤ ውስጥ እኮ የሚዘንበው በታህሳስና በጥር ነው፤ እዚህ ዊንተርም ክረምትም አንድ ላይ ነው የሚመጣው» አለ። ጥሩ መከራከሪያ ነበር፤ እማማ ግን የልጃቸውን ክርክር ተቀብለው አያውቁም።

የፈቱት ጃፓናዊቷ ናቸው። ቅዳሜ ሲመጡ ነገሩን ነገርኳቸውና ትንሽ አሰቡ። ከዚያ እርሳሳቸውን አውጥተው፣ ፊደሏ በጥንት ዘመን ትጻፍ የነበረበትን ቅርጽ ሣሉልን። የታጠፈ ክር ይመስላል፣ ሁለቱ ጫፎች ላይ ቋጠሮ ያለበት።

«ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት መጀመሪያ የክር ጫፍ ነበረች» አሉ። «ማለቂያ ማለት ነው። በኋላ ከሥሯ ሁለቱ ጭረቶች ተጨመሩ፤ እነሱ በረዶ ናቸው። ዓመቱ የሚያልቅበት፣ የሚቋጠርበት ጊዜ ስለሆነ።»

ለእማማ ተረጎምኩላቸው። ቋጠሮዎቹን በጣታቸው ነኩ።

«ዓመቱ የሚያልቅበት ነው ያሉት?»

«አዎ።»

«የእኛስ ዓመት የሚያልቀው በምን ውስጥ ነው? በክረምት አይደለም? ጳጉሜ ክረምት አይደለም?» ፊታቸው በራ። «እንዲያ ከሆነስ ክረምት ነው። ንገሪያቸው፣ ክረምት ነው ብለዋል በያቸው።»

ነገርኳቸው። ጃፓናዊቷ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ፤ እማማም ተነሥተው አጸፋውን መለሱ። ጃፓናዊቷ ከእማማ ክረምት የሚለውን ቃል አጠኑ፣ «ኩ-ረ-ሙ-ቶ» እያሉ፤ እማማም ፉዩን አጠኑ። ከዚያ ጃፓናዊቷ ቀኑን አስታወሱን። ከጥቂት ቀን በኋላ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት ዕለት ነው። በቻይናም በኮሪያም በጃፓንም በቬትናምም ያ ቀን ስሙ አንድ ነው፣ ይህችው ፊደል ከፊት ትቀድማለች፣ ትርጉሙም ክረምት ደረሰ ነው። በየአገሩ የሚበላም አለው።

«እንግዲያ አብረን እንብላ» አሉ እማማ፣ ስተረጉምላቸው እንኳ ሳይጠብቁ በሚመስል ፍጥነት።

በዕለቱ ሱቁን በጊዜ ዘጋን። ጠዋት ጀምሮ ሰማዩ ከብዷል። የጥፍር ቤቷ ልጅ መጋዝ የሚመስል ቢላ ይዛ መጣችና ፍሬውን ከመስኮቱ አወረደችው። ከባሕር በሚወጣው ሽሪምፕ ነበር የምትሠራው፤ ጾም መሆኑን ስነግራት በእንጉዳይና ከአኩሪ አተር በሚሠራው ቶፉ አደረገችው። አንዳች አላቁላላችም፣ ቀይ ነገር አላስገባችም። ነጩ ፍሬ በጠራ መረቅ ውስጥ እንደ ብርጭቆ እየጠራ መጣ። እማማ ከጎኗ ቆመው «እንዲህ ኖሯል!» ይሉ ነበር። ሲቀምሱት ግን ሚጥሚጣ ፍለጋ ዘወር አሉ።

ሾፌሩ የደረሰው ያኔ ነው። ሣን ጋብርኤል ሸለቆ የሚኖር ቻይናዊ ነው። ዱባዎቹን አውርዶ የቀረውን ሜለን ልውሰድ ሲል፣ ፍሬው ድስት ውስጥ መሆኑን አየ።

«ዱንግ ጓ!» ብሎ ሳቀ። ጓ ሜለን ማለት ነው፤ ዶንግን ደግሞ የእሱ ቻይንኛ፣ ካንቶኒዝ የሚባለው፣ ዱንግ ነው የሚላት። እማማ ክንዱን ይዘው አስቀመጡት። «እናቴ ለራት እየጠበቀችኝ ነው» ሲል ነገርኳቸው፤ «ትንሽ ቀምሶ ይሂድ» አሉ። የሚበስለው በሙቀቱ ወራት የሆነ ፍሬ ለምን የክረምት እንደተባለ የነገረንም እሱ ነው። አንዳንዱ ነጩ ብናኝ አመዳይ ስለሚመስል ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ በሙቀቱ ወራት የተለቀመው ሳይበላሽ እስከ ክረምት ስለሚቆይ ነው ይላል። «እናቴ ሁለቱም ልክ ነው ትላለች» አለን።

ላውንደሪው በትልቅ ድስት የቀይ ባቄላ ገንፎ ይዞ ገባ፤ ውስጡ ነጫጭ የሩዝ ሊጥ ድብልብሎች ይዋኛሉ። ሙሉ በሙሉ የጾም ነው። በአገሩ ልማድ እያንዳንዱ ሰው በዕድሜው ልክ ድብልብል ይበላል ብሎ ሲያስረዳ ሁላችንም ወደ እማማ ዞርን። እማማ ዕድሜያቸውን ለማንም ተናግረው አያውቁም። ድስቱን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ማንኪያውን ተቀብለው ሰባት ቆጥረው አወጡ።

«ሰባት ዓመቴ ነው» አሉና በሉ።

ጃፓናዊቷ ከጓሯቸው ዛፍ የለቀሙትን ዩዙ የሚባል ቢጫ ፍሬ በከረጢት አምጥተዋል፤ ሎሚ የመሰለ ሽታው ኪችኑን ሞላው። በአገራቸው በዚያ ቀን ይህ ፍሬ በተንሳፈፈበት ውኃ ገላቸውን ይታጠባሉ፣ ደግሞም ዱባ ይበላሉ። «ዱባ?» አልኩ ጮክ ብዬ። አዲሱ ዱባ ከሣጥኑ ወጥቶ ተከተፈ፤ እማማ ባለፈው ያልሆነላቸውን ወጥ አሁን በእውነተኛው ዱባ ሠሩት፣ ወፍሮ፣ ጣፍጦ። ጃፓናዊቷ ሦስት ጊዜ ደገሙ። ባለቤቴ ሁለት የታክሲ ጓደኞቹን ይዞ ሲመጣ መቆሚያ ጠፋ። የጥፍር ቤቷ ልጅ ሳሕኗን ከራሷ በላይ ከፍ አድርጋ እየተሹለከለከች፣ ዶንግ በእነሱ ቋንቋ ሰው የበዛበት ማለትም እንደሆነ ነገረችን። «ይሄ ቤት ዶንግ ነው!» አለች። እማማ ተተረጎመላቸውና፣ «ሁለቱም ነው፣ ሁለቱም» አሉ።

ያኔ ጣራው ተንጣጣ። ዝናቡ ሲወርድ ሁላችንም በሩ ላይ ተደራረብን። ፌርፋክስ በአንዴ ወንዝ ሆነ፤ መኪኖቹ ማዕበል እየረጩ ያልፋሉ፣ ከፊት ለፊት ያለው ፓርኪንግ ውስጥ አንድ ልጅ እጁን ዘርግቶ ውኃ ይጠጣል። ለዓመታት እንዲህ ዘንቦ አያውቅም። ታክሲ ነጂዎቹ ያፏጩ ነበር። ሾፌሩ እናቱ ጋ በስልክ እየጮኸ ያወራል፤ እዚያም እየዘነበ ነው።

የመሄጃ ሰዓት ሲደርስ አንዳችንም ጃንጥላ እንደሌለን ታወቀ። ኤል ኤ የሚኖር ሰው ጃንጥላ ምን ያደርግለታል? ላውንደሪው «ዌይት፣ ዌይት» ብሎ በኋላ በር ሮጠ። ሲመለስ የታጠበ ልብስ የሚሸፍንባቸውን ስስ ረጃጅም የላስቲክ ከረጢቶች ክንዱ ሙሉ ታቅፏል። አንገት ማውጫውን በመቀስ እየቀደደ አለበሰን። ለጃፓናዊቷ የኮት፣ ለጥፍር ቤቷ ልጅ የቀሚስ፣ ለሾፌሩ የሱሪ ደረሰው፤ ለእማማ ግን መደርደሪያው ላይ ያለውን ትልቁን መርጧል፣ የሙሽራ ቬሎ የሚሸፈንበትን።

እማማ ለብሰው ወጡ። ላስቲኩ ከኋላቸው እግረኛው መንገድ ላይ ይጎተታል፣ ዝናቡ ላዩ ላይ እንደ ከበሮ ይመታል። ጃፓናዊቷ አንዱን ጫፍ ያዙላቸው፣ የጥፍር ቤቷ ልጅ ሌላውን። ባለቤቴ መንገድ ማዶ ካቆመው ታክሲው ጥሩምባውን እንደ ሠርግ መኪና አንጣጣው፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። ቀይ መብራት ላይ የቆሙት የማናውቃቸው ሰዎችም ማን እንዳገባ ሳያውቁ ጥሩምባ ይነፉ ጀመር። እማማ ለሁሉም እጃቸውን እያውለበለቡ፣ ሳይቸኩሉ፣ መንገዱን ተሻገሩ።